እማማን ፊደል ማስቆጠር፤ ከስማቸው ጀምሮ

አዲስ አበባ ውስጥ ፊደል ያልለዩ አረጋዊት እናት ያሉበት ቤት ብዙ ነው። ልጅ ወይም የልጅ ልጅ ላስተምር ብሎ ሲነሣ የፊደል ገበታ ይገዛል፣ ግድግዳ ላይ ይለጥፋል፣ ከሀ ይጀምራል። ብዙ ጊዜ የሚከሽፈውም እዚያው ላይ ነው። ገበታው ላይ 33 ፊደላት በ7 ረድፍ 231 ሆነው ተደርድረዋል። የመጀመሪያዎቹን ሰባት ቤቶች ብቻ ብታዩ እንኳ ሀና ሐ፣ ሠና ሰ ድምፃቸው አንድ ነው። ለጀማሪ ከዚህ የባሰ መነሻ የለም። ሐን፣ ኀን፣ ሠን፣ ዐንና ፀን ወደ መጨረሻ አቆዩአቸው።

ከሁሉ በፊት ግን ዓይን ይታይ። «ዓይኔ አላይ ብሎኝ ነው» የሚባለው ሁልጊዜ ሰበብ አይደለም። ከ40 ዓመት በኋላ የቅርብ ዕይታ ይደክማል። ፊደሉን ከ40 ሴንቲ ሜትር አካባቢ አርቀው ይዘው ካልታያቸው፣ የማንበቢያ መነጽር ሳይደረግ ትምህርት አይጀመር፤ በስልሳዎቹ ዕድሜ ብዙውን ጊዜ ከ+2 እስከ +3 ያስፈልጋል። ስኳር ካለባቸው፣ ጭጋግ የሚታያቸው ከሆነ ወይም አንዱ ዓይን ከሌላው በጣም ከደከመ፣ መነጽር ከመንገድ ከመግዛት በፊት ሐኪም ይያቸው።

ቀጥሎ የሚያውቁትን ፈትሹ። በ1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ያገኛቸው እናቶች ብዙ ናቸው፤ «ሀ ሁ ሂ» በሉ ሲባሉ በዜማ ይወርዱታል። ይህ ማንበብ አይደለም። ከመሃል አንድ ፊደል ጠቁማችሁ ጠይቁ፤ ከላይ ጀምረው ቆጥረው ከደረሱበት የሚያውቁት ዜማውን እንጂ ቅርጹን አይደለም። የቆሎ ትምህርት ቤት መምህራን ይህን ጠንቅቀው ያውቁታል፤ ፊደል ካስቆጠሩ በኋላ የሚያስገቡት አቡጊዳ ለዚህ ይበጃል፤ «አ ቡ ጊ ዳ ሄ ው ዞ» እያለ ሰያፍ ስለሚሄድ የለመዱት ዜማ አያስመልጥም።

መነሻው የራሳቸው ስም ይሁን። ስማቸው አበበች ቢሆን፦ ካርቶን 8 በ8 ሴንቲ ሜትር ቆርጣችሁ አ፣ በ፣ በ፣ ች ብላችሁ በወፍራም ጥቁር ማርከር ጻፉ። ስሙን ይደርድሩ፣ በትኑት፣ እንደገና ይደርድሩት። ያለ ናሙና መደርደር ሲችሉ ባ፣ ለ እና ላን ጨምሩ (ባን ሁለት ካርድ አድርጉት)። በነዚህ ብቻ አበባ፣ አባባ፣ አለ፣ አለች፣ በላ፣ በላች ይወጣሉ። «አባባ በላ» ሙሉ ዓረፍተ ነገር ነው፤ በመጀመሪያው ሳምንት ሊነበብ ይችላል።

እዚህ ላይ አትቸኩሉ። አበባን እና አባባን ጎን ለጎን አስቀምጡና ልዩነቱን እሳቸው ይፈልጉት። የባ ግራ እግር አጭር ነው። ከዚያ ለን እና ላን አሳዩአቸው፤ ያው ነው። ሰ፣ ከ፣ ዘ፣ ደ ከታወቁ ሳ፣ ካ፣ ዛ፣ ዳ ሳታስተምሯቸው በራሳቸው ይነበባሉ። ራብዕ (አራተኛው ረድፍ) እንዲህ ከተያዘ በኋላ ካዕብን (ሁለተኛው፤ ከወገቡ በስተቀኝ ጭረት)፣ ሣልስን (ሦስተኛው፤ ከእግሩ በስተቀኝ ጭረት)፣ ኀምስን (አምስተኛው፤ ከእግሩ ቀለበት) በዚሁ መንገድ አስከትሉ። ባለ አንድ እግሮቹ ቀ፣ ተ፣ ነ እና እምቢተኛው የረ ቤት ለብቻቸው ይታዩ።

አስቸጋሪው ሳድስ (ስድስተኛው ረድፍ) ነው። ሕግ የለውም፣ በዚያ ላይ ጽሑፍ ውስጥ አብዝቶ የሚመላለሰው እሱ ነው። ስለዚህ በቃል ውስጥ እንጂ ለብቻው አታስጠኑት። ጓዳው በዚህ ረገድ ሀብታም ነው፦ ምስር፣ እርድ፣ ዝንጅብል፣ ድንች ከጫፍ እስከ ጫፍ ሳድስ ናቸው። ጽሑፉን ዕቃው ላይ ለጥፎ መተው ግን ጥቅም የለውም፤ እናት እርዱን የሚያውቁት በመዓዛውና በተቀመጠበት ቦታ ነው። ወረቀቶቹን ደባልቃችሁ ስጧቸውና እያነበቡ እሳቸው በየዕቃው ላይ ያኑሩ።

ተመሳሳይ ቅርጾችን በአንድ ቀን አታስተምሩ። ሰ ከሸ፣ ተ ከቸ፣ ነ ከኘ፣ ደ ከጀ ጋር አብረው ከቀረቡ ሁለቱም ይምታታሉ፤ አንዱ ከጸና ከሳምንት በኋላ ሌላው ይምጣ፣ «ባርኔጣ ደፋ» ብሎ ማስረዳት ይበቃል። ማጥበቅና ማላላትም ያደናግራል፤ «ገና» በዓሉም ነው፣ «እስካሁን አልሆነም» ማለትም ነው። ሲሳሳቱ አታርሙ፤ ዓረፍተ ነገሩን እንዲጨርሱ ጠብቁ፣ ትርጉሙ ራሱ ይመልሳቸዋል።

በሳምንት አራት ቀን፣ በቀን ከ30 እስከ 40 ደቂቃ በቂ ነው። በአንድ ቀን ከሦስት እስከ አምስት አዲስ ፊደል፤ ከዚያ በላይ ከሆነ የትናንቱ ይጠፋል። የመጀመሪያው አሥር ደቂቃ ለክለሳ ይሁን። እንግዳ ባለበት አታስነብቡ፣ የሚስቅ ልጅም ከክፍሉ ይውጣ። አንዴ ያፈሩ እናት «ለኔ ዕድሜ ምን ያደርግልኛል» ይሉና አይመለሱም።

ከወር በኋላ ወደ ውጭ ውጡ። ቦሌ፣ ሳሪስ፣ መገናኛ፣ ሜክሲኮ ከአውቶቡስ ላይ ይነበባሉ። አውቶቡሱ ካልቆመ ግን ጊዜ አይሰጥም፤ መጀመሪያ መነሻ ጣቢያ ላይ ቆሞ ሳለ ይለማመዱ። ስልካቸው ላይ የፊደሉን መጠን አሳድጉ፣ የሰዎቹን ስም በአማርኛ መዝግቡ፣ ከስሞቹ አጠገብ ያሉትን ፎቶዎች አጥፉ፤ ፎቶ ካለ ስሙን የሚያነብ የለም። የቴሌብር መተግበሪያን ወደ አማርኛ ቀይሩላቸው። «ላክ» እና «ተመለስ» ዓይነት ቃላትን ሳያመነቱ ሲለዩ የሚስጥር ቁጥሩን ራሳቸው ይቀይሩት፤ አዲሱን እናንተም አትጠይቁ።

መጻፍ ከማንበብ በኋላ ይምጣ። ቁርጥማት ያለበት ጣት ቀጭን እርሳስ አይጨብጥም፤ ጨርቅ ጠቅልላችሁ አወፍሩት፣ እርሳሱም ለስላሳ ባለ 2ቢ ይሁን። ፊርማ ላይ ጥንቃቄ ይደረግ። የባንክ ደብተራቸው በጣት አሻራ የተከፈተ ከሆነ፣ ስማቸውን ጻፉ ተብሎ በማግስቱ ወደ ፊርማ አይቀየር። ባንክ የሚያመሳክረው ከተመዘገበው ናሙና ጋር ነው፤ እጃቸው ሳይጸና የፈረሙት ፊርማ ከወር በኋላ ከራሳቸው ጋር አይመሳሰልምና ገንዘባቸውን ለማውጣት ይቸገራሉ። በተለያየ ቀን የጻፉትን ሃያ ፊርማ አሰልፋችሁ ተመልከቱ፤ አንድ ዓይነት ሆኖ ሲገኝ መታወቂያቸውን ይዘው ቅርንጫፉ ድረስ ሄደው ያስለውጡ።