ከቀኑ 7 ሰዓት በኋላ የሚያኮርፈው የዩቲዩብ አምፖል
ባሕር ዳር በሚገኘው ቤቴ፣ በምከታተለው የዩቲዩብ ቻናል ላይ አዲስ ቪዲዮ ሲጫን በኢኤስፒ8266 ቦርድ (ዋይፋይ ባለው ትንሽ የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ) እና በሪሌይ (በኤሌክትሪክ በሚታዘዝ ማብሪያ ማጥፊያ) አማካይነት የሚበራ አምፖል ሠርቼ ነበር፤ ሆኖም በዚህ ክረምት ከጠዋቱ 4 ሰዓት ጀምሮ በትክክል ሲሠራ ይቆይና ከ7 ሰዓት ከ20 ገደማ በኋላ እስከ ማግስቱ ጠዋት ድረስ ዝም ይል ጀመር።

በመጀመሪያ የጠረጠርሁት የመብራት መቆራረጥን ስለ ነበር ቻርጀሩን ቀየርሁ፤ ቀጥሎም በሐይቁ በኩል ባለው ክፍል የነበረውን ራውተር አቀረብሁ፤ ሪሌዩንም ለወጥሁ። ሦስት ቀን እንዲሁ ባከነ። በአራተኛው ቀን ቦርዱን ከላፕቶፕ ጋር አገናኝቼ ቦርዱ የሚልካቸውን መልእክቶች የሚያሳየውን የአርዱዊኖ ፕሮግራም መስኮት (ሲሪያል ሞኒተር) ስመለከት፣ ስህተት 403ንና (ጥያቄው መከልከሉን የሚያመለክት ቁጥር) የዕለቱ የአጠቃቀም ገደብ (ኮታ) ማለቁን የሚገልጽ መልእክት አገኘሁ።

ፕሮግራሞች ከዩቲዩብ መረጃ የሚጠይቁበት የዩቲዩብ ዳታ ኤፒአይ በነባሪነት በቀን 10,000 ነጥብ ይፈቅዳል፤ እኔ በየ2 ደቂቃው የምልከው የፍለጋ ጥያቄ ግን በአንድ ጊዜ 100 ነጥብ ስለሚወስድ፣ ኮታው በ3 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ተሟጥጦ ያልቅ ነበር። የሚታደሰውም በካሊፎርኒያ እኩለ ሌሊት፣ ማለትም በእኛ ክረምት ከጠዋቱ 4 ሰዓት ላይ ነው፤ ሰዓቱን ቀደም ብዬ ባሰላ ኖሮ ሪሌዩን ባልነካሁት።

የሠራልኝ እርምጃ ፍለጋውን ትቶ የቻናሉን የተጫኑ ቪዲዮዎች ዝርዝር በፕሌይሊስት አይተምስ ጥያቄ ማንበብ ሲሆን፣ ይህ 1 ነጥብ ብቻ ይወስዳል። የዝርዝሩ መለያ የሚገኘው በ«ዩሲ» የሚጀምረውን የቻናል መለያ ሁለተኛ ፊደል ከ«ሲ» ወደ «ዩ» በመቀየር ነው። አሁን በየ2 ደቂቃው ቢጠይቅም በቀን የሚያጠፋው 720 ነጥብ ነው።