ሎሚሎሚ፦ የሃዋይን ማሳጅ በክንድ እንዴት መሥራት ይቻላል?

ስሙ ከምናውቀው ሎሚ ጋር ዝምድና የለውም። በሃዋይ ቋንቋ «ሎሚ» ማለት ማሸት፣ መጫን ማለት ነው፤ በጣት ታሽቶ ከቲማቲምና ከሽንኩርት ጋር የሚቀርበው ጨው የበላ ዓሣቸውም በዚሁ ቃል ይጠራል። እኛም ሎሚን ከመጭመቃችን በፊት በመዳፍ ስለምናሸው ስሙ ሆን ተብሎ ለእኛ ጆሮ የወጣ ይመስላል።

ዕውቀቱ በየቤተሰቡ ከአያት ወደ ልጅ ልጅ ሲተላለፍ የኖረ በመሆኑ «ትክክለኛው ይህ ብቻ ነው» የሚባል ዘዴ የለም። ለውጭ ሰው በሰፊው ካስተማሩት አንዷ በትልቁ የሃዋይ ደሴት የኖሩት ማርጋሬት ማቻዶ (1916–2009 እ.ኤ.አ.) ናቸው። ሥራው በጸሎት ይጀመራል። እዚህ የማሳያችሁ ግን በብዙዎቹ ዘዴዎች ውስጥ የሚገኘውን ረጅሙን የጀርባ እሽት ብቻ ነው።

ትኩሳት፣ ቁስል ወይም ስብራት ያለበትን ሰው፣ አንድ እግሩ ብቻ ያበጠበትን ሰው አትሹ። ነፍሰ ጡርም ለባለሙያ ተዉ።

1. ቦታና ዘይት። አልጋ አይሆንም፤ ፍራሹ ጉልበታችሁን ይውጠዋል። ብርድ ልብስ የተነጠፈበት ጠንካራ የምግብ ጠረጴዛ ይሻላል። በሃዋይ ኩኩይ ከሚባል ዛፍ ፍሬ የሚወጣ ዘይት ይጠቀማሉ፤ የኮኮናት ዘይትም ይበቃል። ሽቶ ለበዛበት ውድ ዘይት ገንዘብ አታውጡ። በመዳፋችሁ አሙቁትና ጀርባውን በሙሉ ቀቡት።

2. ክንዱ። እኔ የተሳሳትኩት እዚህ ላይ ነው። መጀመሪያ የሞከርኩት በታላቅ እህቴ ላይ ሲሆን፣ እንደ ወጌሻ ትከሻዬን አጠንክሬ በክርኔ ተጫንኳት። ማሸት ካላመመ አልሠራም ብለን ስለምናምን እሷም ጥርሷን ነክሳ ዝም አለች። በማግስቱ የትከሻዋ አጥንት ሥር ጠቁሮ ነበር፤ የእኔም ትከሻ ሳምንት ሙሉ አመመኝ።

ጉልበቱ የሚመጣው ከእግር ነው። ከራስጌው በኩል ቁሙ፤ አንዱን እግር ወደፊት፣ ሌላውን ወደኋላ አድርጉ። መዳፋችሁን አላልታችሁ፣ ሥጋማውን የክንዳችሁን ውስጣዊ ክፍል በአከርካሪው ጎን አሳርፉ። ከዚያ በክንዳችሁ ሳትገፉ የፊተኛውን ጉልበታችሁን አጠፍ አድርጉ፤ ሰውነታችሁ ሲያዘነብል ክንዱ ራሱ እስከ ዳሌ ድረስ ይንሸራተታል። ስትመለሱ ክንዱን ሳታነሡ በጎን በኩል አምጡት። ወደፊት ስትሄዱ ትንፋሻችሁን አውጡ፤ ትንፋሽ መያዝ ትከሻን ያደርቃል። አከርካሪው ላይ በፍጹም አትውጡ፣ የትከሻ አጥንት ላይ ስትደርሱ ክብደታችሁን ቀንሱ። ክርናችሁ መቆርቆር ከጀመረ ክንዳችሁ ዞሯል ማለት ነው።

ባዶ ጠረጴዛ ላይ፣ ትራስ አስቀምጣችሁ ተለማመዱ። እኔ ከእህቴ በፊት ትራሱን ማሸት ነበረብኝ።

3. ሌላውን ጎን በዚሁ መንገድ። በየጎኑ ዐሥር ደቂቃ ይበቃል፤ ዘይቱ ሲደርቅ ጨምሩ እንጂ ቆዳውን አትጎትቱ።

ስትጨርሱ አልብሳችሁ ጥቂት ይተኛ። ከመነሣቱ በፊት ወለሉ ላይ የተንጠባጠበውን ዘይት ጥረጉ፤ እህቴ ጀርባዋ ድኖ በሁለተኛው ቀን የተንሸራተተችው በእሱ ነው።