የኤሌክትሪክ መኪና በሊዝ ከመውሰዳችሁ በፊት

በዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ፣ በአሌክሳንድሪያም ሆነ በሲልቨር ስፕሪንግ፣ አዲስ የመጡ ወገኖች ረጅም ርቀት የሚጓዝ የኤሌክትሪክ መኪና በሊዝ፣ ማለትም ለተወሰነ ጊዜ በወርኃዊ ክፍያ ተከራይተው፣ ለመውሰድ ሲያስቡ የሚጠይቁኝ «በወር ስንት ነው?» ብለው ብቻ ነው። የተቀረውን የሚጠይቁኝ ከፈረሙ በኋላ ነው፤ ያን ጊዜ ደግሞ ብዙ መርዳት አይቻልም። ወርኃዊው ክፍያ ሻጩ እንደፈለገ ሊያሳንሰው የሚችለው ቁጥር መሆኑን አስቀድማችሁ እወቁ። በዓመት እንድትነዱ የተፈቀደውን ማይል ሲቀንስና ቅድሚያ ክፍያውን ሲጨምር ወርኃዊው ይወርዳል፤ እናንተ የምታወጡት ጠቅላላ ገንዘብ ግን ላይቀንስ ይችላል።

ሊዝን አልቃወምም። የኤሌክትሪክ መኪና ዋጋ በፍጥነት ስለሚወድቅ ኪሳራው በአከራዩ ላይ እንዲቀር ማድረግ ብልህነት ነው ብዬ አምናለሁ። የ2025 ሃዩንዳይ አዮኒክ 6 በኋላ ጎማ የሚነዳው ረጅም ርቀት ሞዴል በአንድ ቻርጅ 342 ማይል፣ ሉሲድ ኤር ግራንድ ቱሪንግ ደግሞ ከ500 ማይል በላይ እንደሚሄድ በአሜሪካ መንግሥት መለኪያ ተመዝግቧል። ይሁን እንጂ በዓመት 10,000 ማይል የሚፈቅደው ውል በቀን ሲካፈል 27 ማይል ብቻ ነው። ባትሪው ከዲሲ አልፎ ኒው ዮርክ ያደርሳል፤ ውሉ ግን ከቤት እስከ ሥራና ከሥራ እስከ ቤት እንኳ ላይበቃ ይችላል። ለእያንዳንዱ ትርፍ ማይል ብዙውን ጊዜ ከ15 እስከ 30 ሳንቲም ይጠየቃል፤ በ25 ሳንቲም ቢታሰብ 20,000 ትርፍ ማይል 5,000 ዶላር ነው። ኡበር ወይም ሊፍት ለመሥራት ያሰበ ሰው የዓመቱን የተፈቀደ ማይል በጥቂት ወራት ይጨርሰዋል፤ ከዚያ በላይ ብዙ የሊዝ ውሎች መኪናውን ሰው በክፍያ ለማጓጓዝ መጠቀምን ጨርሶ ይከለክላሉ። «ማን ያየኛል» የሚል ሰው አደጋ የደረሰ ዕለት ኢንሹራንሱም አከራዩም ይጠይቁታል።

ከሁሉ በላይ የማስጠነቅቀው ስለ ቅድሚያ ክፍያ ነው፤ እኔ ራሴ የወደቅሁበት ወጥመድ ስለሆነ አንድም ነገር ሳልሸፍን እጽፈዋለሁ። ወርኃዊው እንዲቀንስልኝ 6,000 ዶላር ከፈልሁ፤ ገንዘቡ በ36 ወር ተከፋፍሎ በየወሩ ወደ 167 ዶላር አቃለለልኝ። ብዙ ሳልነዳው ሌላ መኪና ከኋላ ገጭቶኝ መኪናው ሊጠገን የማይችል ተባለ። ኢንሹራንሱ የከፈለው የመኪናውን የዕለቱን የገበያ ዋጋ ነው፤ የተከፈለውም ለእኔ ሳይሆን ለባለቤቱ፣ ማለትም ለአከራዩ ድርጅት ነው። ቀሪውን ዕዳ ጋፕ የሚባለው ዋስትና ሸፈነው። የእኔን 6,000 ዶላር ግን ማንም አልመለሰም፤ ጋፕ የሚሸፍነው ለአከራዩ የሚቀረውን ዕዳ እንጂ ተከራዩ አስቀድሞ የከፈለውን አይደለም። ይባስ ብሎ ድርጅቶቹ ደብዳቤ ሲለዋወጡ፣ አንዱ ሰነድ ከሌላው ሲጠበቅ፣ ወርኃዊው ሂሳብ መምጣቱን አላቆመም፤ አቋርጬ ቢሆን ደግሞ ክሬዲቴ፣ ማለትም የብድር ታሪኬ፣ ይበላሽ ነበር። ስለዚህ ስትፈርሙ የመጀመሪያውን ወር ክፍያ፣ ታክሱንና የምዝገባውን ወጪ ብቻ ክፈሉ። ክሬዲታችሁ አዲስ ስለሆነ ተጨማሪ ገንዘብ ከተጠየቃችሁ፣ በኋላ የሚመለስ ማስያዣ ይቀበሉ እንደሆነ ጠይቁ። ጋፕ በውሉ ውስጥ መኖሩንም በዓይናችሁ እዩ፤ የሻጭ ቃል ማስረጃ አይደለም።

ወለዱ «መኒ ፋክተር» በሚባል ጥቃቅን ቁጥር ይሰላል፤ ቁጥሩን ጠይቁና በ2,400 አባዙት፤ 0.0030 ከሆነ ዓመታዊው ወለድ ወደ 7.2 በመቶ ነው። «በሦስት ቀን ውስጥ መመለስ ትችላለህ» የሚለውን ወሬ አትመኑ፤ ሦስት ቀን የሚሰጠው የፌዴራል ደንብ በሻጩ ቋሚ ሱቅ የተፈረመ የመኪና ውልን አይመለከትም። ለኤሌክትሪክ መኪና ይሰጥ የነበረው የ7,500 ዶላሩ የፌዴራል ድጋፍም ከሴፕቴምበር 30 ቀን 2025 በኋላ ቀርቷል፤ ዛሬ በእርሱ ስም የሚያባብላችሁ ሻጭ ካለ ሌላ ዲለር ፈልጉ። በቨርጂኒያ የምትኖሩ ደግሞ ካውንቲው ወይም ከተማው በየዓመቱ የሚጥለው የመኪና ግብር ብዙውን ጊዜ ወደ ተከራዩ እንደሚዞር አስሉ።

አፓርትመንት የሚኖር ሰው ቻርጅ የሚያደርግበትን ቦታ ሳያረጋግጥ መፈረም የለበትም። ተራው የግድግዳ ሶኬት በሰዓት ከ3 እስከ 5 ማይል ያህል ብቻ ይሞላል፤ በክረምት ብርድ ደግሞ ርቀቱ በግልጽ ይቀንሳል። ኢትዮጵያ ከ2024 መጀመሪያ ጀምሮ በነዳጅ የሚሠሩ የግል መኪኖች እንዳይገቡ መከልከሏን ሰምተው «ሊዙን ስጨርስ ወደ አገር ቤት እልከዋለሁ» የሚሉም አሉ። መኪናው የአከራዩ ንብረት ነው፤ መጀመሪያ መግዛት ይኖርባችኋል፤ ከነጭራሹ የማይሸጥ አከራይም ስላለ የመግዣው ዋጋ በውሉ መጻፉን አረጋግጡ።

በመጨረሻው ቀን መኪናውን ዝም ብላችሁ ቁልፍ አስረክባችሁ አትሂዱ። አስቀድማችሁ ምርመራ ጠይቁ፤ ያለቀ ጎማ ራሳችሁ ብትቀይሩት አከራዩ ከሚያስከፍላችሁ ብዙ ጊዜ ይረክሳል። ስታስረክቡም መኪናውን በሁሉም በኩል ፎቶ አንሡ፤ የተነዳው ማይል የተጻፈበት ደረሰኝም ሳትቀበሉ ከግቢው አትውጡ።