ፍችና ተጠቋሚን እንዴት እንለያለን? ዓረፍተ ነገርንስ እንዴት እንፍታ?

ሥነ ፍች (የቃላትና የዓረፍተ ነገር ትርጉም ጥናት) ስታጠኑ ፍች (አንድ ቃል ወይም ሐረግ የሚሰጠው ትርጉም) እና ተጠቋሚ (የሚያመለክተው ነገር ራሱ) ከተምታቱባችሁ ብያኔ መሸምደዱን ተዉትና ደሴ ላይ በምታውቁት ነገር ሞክሩት።

«የልጅ ኢያሱ አባት» እና «አይጠየፍ አዳራሽን ያሠሩት ሰው» ብላችሁ ጻፉ። ሁለቱም የሚጠቁሙት ንጉሥ ሚካኤልን ነው። ተጠቋሚው አንድ ነው፣ ፍቹ ግን ለየቅል። አንዱ በልጃቸው፣ ሌላው በአዳራሹ በኩል ነው ወደ ሰውየው የሚያደርሳችሁ።

አሁን አቀያይሩ። «የልጅ ኢያሱ አባት ወሎን ገዝተዋል» የሚለው ላይ አንዱን ሐረግ በሌላው ብትተኩት እውነትነቱ አይነካም። «ከድር የልጅ ኢያሱ አባት ወሎን እንደገዙ ያውቃል» ሲባል ግን ቀስ በሉ። ከድር ይህን በትምህርት ቤት ተምሮት፣ በአይጠየፍ በኩል በየቀኑ እያለፈ ማን እንዳሠራው ግን ሰምቶ ላያውቅ ይችላል፤ ሐረጉን ስትቀይሩ እውነቱ ሐሰት ሊሆንባችሁ ነው። ስለዚህ «ያውቃል»፣ «ያምናል»፣ «ይመስለዋል» ባያችሁ ቁጥር ዝም ብላችሁ አትተኩ። ፍች ከተጠቋሚ የተለየ መሆኑን እንደዚህ ቁልጭ አድርጎ የሚያሳይ ፈተና የለም ባይ ነኝ። ጀርመናዊው ፈላስፋ ጎትሎብ ፍሬገ እ.ኤ.አ. በ1892 ልዩነቱን ያስረዳው በአጥቢያ ኮከብና በምሽት ኮከብ ነበር፤ ሁለቱም ቬነስ የተባለችው ፕላኔት ናቸው።

ተጠቋሚ የሌለውስ? «የዛሬው የወሎ ንጉሥ ኮምቦልቻ ናቸው» ቢባል ሐረጉ ይገባችኋል፣ ሰውየው ግን የለም። እንግሊዛዊው ፈላስፋ በርትራንድ ራስል እ.ኤ.አ. በ1905 ባቀረበው መንገድ በትኑት፦ ዛሬ የወሎ ንጉሥ አለ፤ ከአንድ አይበልጥም፤ እሱም ኮምቦልቻ ነው። የመጀመሪያው ስለወደቀ ሙሉው ሐሰት ነው።

አሉታ (እንደ «አይገባም» ያለ ማፍረሻ) ሲመጣ ደግሞ የምን አሉታ እንደሆነ ጠይቁ። ደሴ መናኸሪያ አንዱ «ሁሉም ሚኒባስ ኮምቦልቻ አይገባም» ቢላችሁ ሁለት ነገር ሊሆን ይችላል። አሉታው «ይገባል»ን ብቻ ከያዘ አንድም የሚገባ የለም። «ሁሉም»ንም ከጠቀለለ ግን የሚገባም ሊኖር ይችላል። በምናባችሁ አምስት ሚኒባስ አቁሙ፣ ሦስቱ ኮምቦልቻ ይግቡ፦ የመጀመሪያው ንባብ (አተረጓጎም) ሐሰት፣ ሁለተኛው እውነት ይወጣል። ንባቦቹ መለያየታቸውን ያረጋገጣችሁት እዚህ ጋ ነው። ከዚያ እያንዳንዱን ለሁለት በማይተረጎም ዓረፍተ ነገር ጻፉት፦ «ኮምቦልቻ የሚገባ ሚኒባስ የለም»፣ «ኮምቦልቻ የማይገባ ሚኒባስ አለ»።