የገጠር ቀበሌያችሁን ታሪክ ስትሰበስቡ ዓመተ ምህረት አትጠይቁ

እናትና አባታችሁ የተወለዱባትን ቀበሌ ታሪክ መፃፍ ለምታስቡ፣ እኔ ተሳስቼ የተማርኩትን ልንገራችሁ። መጀመሪያ ደብተር ይዤ ሄድኩና "አባባ፣ ትምህርት ቤቱ በስንት ዓመተ ምህረት ተሰራ?" ስላቸው ዝም ብለው አዩኝ፣ ከዛ እንዳላፍር ብለው መሰለኝ አንድ ቁጥር ሰጡኝ፣ በማግስቱ ስጠይቃቸው ሌላ። ጥፋቱ የኔ ነው፣ ገጠር ላይ ሰው ዘመን የሚቆጥረው በሆነው ነገር ነው።

ስለዚህ እንዲህ አድርጉ። "የመሬት አዋጁ ሲታወጅ ምን ይሰሩ ነበር?" በሏቸው፣ እሱ የካቲት 1967 ነው። "ከብት እጠብቅ ነበር" ካሉ ያኔ 10 ዓመት ቢሆናቸው ነው። ትምህርት ቤቱስ ያኔ ነበር? "ኧረ የለም፣ እሱ ሲሰራማ ድንጋይ ተሸክሜያለሁ፣ የመጀመሪያ ልጄም በዚያው ዓመት ተወለደች።" ልጅቱ በ77ቱ ድርቅ ትሄድ ነበር ወይስ ትታዘል ነበር? ገና ትታዘል ከነበረ 1975 ወይ 76 ላይ ደረሳችሁ ማለት ነው። ለድሮው ነገር ደግሞ ጣሊያን የገባበት 1928 እና የወጣበት 1933፣ ከዛም በፊት የህዳር በሽታ (ብዙ ሰው የፈጀው የጉንፋን ወረርሽኝ) 1911 አለ፣ ግን ይሄን "አባትዎ ምን ይነግሩዎት ነበር" ብሎ መጠየቅ ይሻላል። ደርግ የወደቀበት ግንቦት 1983ም ለቅርቡ ይጠቅማል።

ደሞ ቁጭ ብላችሁ ብቻ አትጠይቁ፣ አብራችሁ ዙሩ። የፈረሰ ቤት መሰረት ወይ አሮጌ ዋርካ ሲያዩ ቤት ውስጥ ያልመጣላቸው ሁሉ ይመጣላቸዋል። እናቶችንም እንዳትረሱ፣ የምንጩን ስምና ማን ከየት መጥቶ ማንን እንዳገባ ከነሱ በላይ የሚያውቅ የለም፣ እኛ ግን ሁሌ ወንዶቹ ጋ ነው የምንሮጠው።

የቦታው ስም ከየት መጣ ካላችሁ ሶስት ሰው ሶስት ታሪክ ይነግራችኋል፣ ሶስቱንም ፃፉ፣ ማን እንደነገራችሁም ጨምሩበት።

አሮጌ ቤተክርስቲያን ካለ የብራና መፃህፍት ህዳግ ላይ የርስት ክፍፍልና የመሬት ስጦታ ተፅፎ ሊገኝ ይችላል፣ ግን አለቃውን ሳታስፈቅዱ ስልክ እንዳታወጡ። የፈረንጅ ፅሁፍ ላይ ያገኛችሁትን ዓመት ደሞ ዝም ብላችሁ 8 አትቀንሱ፣ ከመስከረም እስከ ታህሳስ 3ኛ ሳምንት ድረስ ልዩነቱ 7 ነው፣ እኔ በዚህ ምክንያት የአንድ ድልድይ ምረቃ በአንድ ዓመት አሳስቼ ሽማግሌዎቹ ራሳቸው ናቸው ያረሙኝ።