የጥጥ ማሳ ላይ የእሳት ራት እንዴት ይቆጠራል

ጥጥ ላይ ለየብቻ የሚቆጠሩ ሁለት የእሳት ራቶች አሉ፤ ጓይ ትል እና ሮዝ ጓይ ትል (ስማቸው የጥጡን ፍሬ ከሚበላው ትላቸው የመጣ ነው)። የአንዱ ፌሮሞን፣ ማለት ሴቷ ወንዱን የምትጠራበት ሽታ፣ ሌላውን አይጠራም፤ ስለዚህ ለየራሳቸው ወጥመድ ይሰቀልላቸዋል። አንዱን ማባበያ በነካ ጓንት ሌላውን አትንኩ።

ማባበያዋ ፌሮሞኑን የያዘች ትንሽ የጎማ ቁራጭ ናት፤ ሽታዋ በሙቀት ይተናል። ከአዳማ አፋር ውስጥ ወዳለው አሚባራ ስትወርዱ መኪናው መስታወት ሥር ካስቀመጣችኋት ማሳ ሳትደርስ ትደክማለች። ከነማሸጊያዋ በረዶ ባለበት ሳጥን ያዟት፤ የተረፈውን ፍሪዘር ውስጥ አቆዩ።

ለጓይ ትል ባለ 5 ሊትር ጀሪካን ይበቃል። ከወገቡ በላይ ሦስት መስኮት ቅደዱ፤ ከታች ኦሞ የተበጠበጠበት ውኃ ጨምሩ፤ ማባበያዋን ከክዳኑ በሽቦ አንጠልጥሉ። ቢጫ ጀሪካን ንብ ስለሚሰበስብ ተዉት። ለሮዝ ጓይ ትል ባለ ሙጫ የሦስት ማዕዘን ወጥመድ ይሻላል፤ የአዋሽ አቧራ ግን ሙጫውን ቶሎ ያደርቀዋል፤ በጣት ሲነካ ካልያዘ ወረቀቱን ቀይሩ።

እንቡጥ ከመውጣቱ በፊት፣ ከተዘራ ወደ 5 ሳምንት ገደማ ስቀሉ። ለክትትል በሄክታር 2 ወጥመድ ይበቃል፤ በመካከላቸው 50 ሜትር ይኑር። ከፍታው ከተክሉ ጫፍ 20 እስከ 30 ሳንቲ ሜትር በላይ ነው። ብዙ ሰው የሚስተው እዚህ ላይ ነው፦ ወጥመዱ የተሰቀለበት እንጨት ባለበት ይቀራል፣ ጥጡ ያድጋል፣ ወጥመዱ ቅጠል ውስጥ ይሰምጣል። ቁጥሩ ሲወርድ «ተባዩ ሄደ» ይባላል። በየቆጠራው እንጨቱን ከፍ አድርጉ።

በሳምንት ሁለቴ፣ ጠዋት ቁጠሩ። የተያዘውን ለወጥመዱና ለሌሊቱ ብዛት አካፍሉ፦ 4 ወጥመድ በ3 ሌሊት 96 ከያዘ፣ በወጥመድ በሌሊት 8 ማለት ነው። ህንድ ውስጥ ለሮዝ ጓይ ትል እርምጃ ለመውሰድ የሚሠሩበት ልክ ይኸው ነው፤ 8 ለ3 ተከታታይ ሌሊት። አማካዩ ወደዚያ ሲጠጋ በየቀኑ ቁጠሩ። ሌላም የእሳት ራት ስለሚገባ ለዩ፦ የጓይ ትል የኋላ ክንፍ ፈዛዛ ሆኖ ጠርዙ ጥቁር ነው፤ ሮዝ ጓይ ትል ከ1 ሳንቲ ሜትር የማትበልጥ፣ ግራጫ፣ የክንፏ ዳር ጸጉራም ናት።

ወጥመዱ የሚይዘው ወንዱን ብቻ ነው። መቼ ማሳ መግባት እንዳለባችሁ ይነግራችኋል እንጂ ለመርጨት ብቻውን አይበቃም። ቁጥሩ ሲዘል በ2 ወይም በ3 ቀን ውስጥ ማሳ ግቡ፤ በሙቀት የጓይ ትል እንቁላል በ3 ቀን ገደማ ይፈለፈላል። ከላይ ያሉትን ቅጠሎችና እንቡጦች እዩ፤ እንቁላሉ ከጤፍ ያነሰ፣ ክብ፣ ነጣ ያለ ቢጫ ነው፤ ሊፈለፈል ሲል ይጠቁራል። ለሮዝ ጓይ ትል ደግሞ 2 ሳምንት ገደማ የሆነው አረንጓዴ ፍሬ ተሰንጥቆ ይታያል፤ ከተለያየ ቦታ 100 ፍሬ ሰብስባችሁ በ10ሩ ውስጥ ትል ከተገኘ እርምጃው አይዘግይ። ጨቅላው ትል ነጭ ነው፤ ሮዝ የሚሆነው ሲያድግ ነውና ነጭ ስላያችሁ አትለፉት።

ወጥመዱ ባዶ ሆኖ ካደረ ጉንዳን ወይም ወፍ አራግፎት እንዳይሆን እንጨቱንና ዙሪያውን እዩ፤ እንጨቱን ግሪስ መቀባት ጉንዳኑን ይመልሳል። ማባበያዋን በየ3 ሳምንቱ ቀይሩ፤ የተሰቀለችበትን ቀን ጀሪካኑ ላይ በእስክሪብቶ ጻፉ። አሮጌዋን ማሳ ውስጥ አትጣሉ፤ መሬት ላይ ሆና ወንዶቹን ከወጥመዱ ታርቃለች።