ቪትዝዎ ነዳጅ ከበላ፣ ውስጡን ከማሳመርዎ በፊት እነዚህን ይዩ

የመጀመሪያው ሥራ ፍጆታውን መለካት ነው። መቅጃው ራሱ እስኪያቆም ድረስ ይሙሉና የኪሎ ሜትሩን ቁጥር ይመዝግቡ። ቢያንስ 200 ኪሎ ሜትር ከነዱ በኋላ እዚያው ማደያ፣ ከዚያው መቅጃ እንደገና ይሙሉ። የተነዳውን ኪሎ ሜትር ለገባው ሊትር ያካፍሉ። የነዳጅ ጌጁን አይቶ መፍረድ ያሳስታል።

አሮጌ ቪትዝ ላይ ከሁሉ በፊት መጠርጠር ያለበት ቴርሞስታቱ፣ ማለትም ሞተሩ እስኪሞቅ ውሃው ወደ ራዲያተር እንዳይዞር የሚዘጋው ክፍል፣ ነው። መኪናው ውሃ ሲያፈላ ቴርሞስታቱን አውጥቶ መጣል የተለመደ ሆኗል፤ ይህ መፍትሔ ሳይሆን ሌላ ጉዳት ነው። ቴርሞስታት የሌለው ሞተር የሥራ ሙቀቱ ላይ ቶሎ አይደርስም። ኮምፒዩተሩም ሞተሩ ገና እንዳልሞቀ ስለሚቆጥር ቤንዚን ማብዛቱን ይቀጥላል፤ ካንዴላው (ቤንዚኑን በብልጭታ የሚያቀጣጥለው) ይጠቁራል፣ ዘይቱም ቶሎ ይበላሻል። ለማረጋገጥ ጠዋት ሞተሩን በቀዝቃዛው አስነስተው የራዲያተሩን የታችኛውን ጎማ ቱቦ ከቬንትሌተሩ ርቀው በእጅ ይንኩ። ለጥቂት ደቂቃ ቀዝቃዛ ሆኖ መቆየት አለበት። ከላይኛው ጋር እኩል መሞቅ ከጀመረ ቴርሞስታቱ ወይ የለም፣ ወይ ተከፍቶ ቀርቷል።

አዲሱ ቴርሞስታት በ82 ዲግሪ የሚከፈት ይሁን፤ ውሃ እንዳያፈስ የሚያሽገው የጎማ ጋርኒሲዮኑም አብሮ ይቀየር። በላዩ ያለችው ትንሽ የአየር ማስወጫ ወደ ላይ ትዙር። ሲሞሉ ውሃ ብቻ ሳይሆን ኩላንት ይጠቀሙ። አዲስ አበባ ከፍታ ላይ ስለሆነች ክፍት ውሃ በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል፤ መፍላቱን የሚያዘገየው በራዲያተር ክዳኑ የሚታመቀው ግፊት ነው። ስለዚህ ሞተሩ መጀመሪያ የሞቀው ክዳኑ ስላረጀ፣ ራዲያተሩ ስለተደፈነ ወይም ቬንትሌተሩ ስለማይነሳ ሊሆን ይችላል። ያ ሳይጠገን ቴርሞስታት መልሶ መግጠም ዋጋ የለውም።

ይዞ የቀረ ፍሬንም ነዳጅ ይበላልና ቀጥሎ ፍሬኑን ይዩ። ነድተው እንደቆሙ ክሪክ አስገብተው የፊት ጎማዎቹን በእጅ ያሽከርክሩ። ከከበደ የካሊፐሩ (የፍሬን ሸራውን ዲስኩ ላይ የሚጫነው ክፍል) ተንሸራታች ፒኖች ደርቀው ሊሆን ይችላል። አውጥተው ያጽዱና የሲሊኮን ግሪስ ይቀቡ፤ ተራው ግሪስ የፒኑን የጎማ ሽፋን ያሳብጠዋል። የጎማ ንፋስ የሚሞላው በሹፌሩ በር በኩል በተለጠፈው ቁጥር ልክ፣ ጎማው ሳይሞቅ ነው።

የ1.3 ሊትሩ ሞተር የካንዴላ ክፍተት 1.1 ሚሊ ሜትር ነው። ተራው ካንዴላ በ20,000 ኪሎ ሜትር ይቀየራል። ሞተሩ ሲቀዘቅዝ በ16 ቁጥር ካንዴላ መፍቻ ይፍቱ፤ አዲሱን በእጅ እስኪቆም አጥብቀው ግማሽ ዙር ይጨምሩ። ከዚያ በላይ ማጥበቅ የአሉሚኒየሙን ጥርስ ይበላል። በሲጋራ ማቀጣጠያው ሶኬት የሚሰካውን “ነዳጅ ቆጣቢ” ግን አይግዙ፤ ምንም አይቆጥብም።

አሁን ወደ ውስጥ። ሞኬቱ (ወለሉ ላይ የተነጠፈው ጨርቅ) ከሸተተ አዲስ ምንጣፍ አይደርቡበት፤ ስሩ ውሃ አለ። ሞኬቱን ለማንሳት የሚፈታው የፊት ወንበር የታሰረው በአራት ባለ 14 ቁጥር ብሎኖች ነው። ከመንካትዎ በፊት የባትሪውን ኔጌቲቭ ፈትተው 90 ሰከንድ ይጠብቁ፤ ወንበሩ ስር ቢጫ መሰኪያ ካለ የኤርባግ ነውና መሰኪያው ተለያይቶ እያለ ቁልፉን አይክፈቱ። ከዚያ ሞኬቱን አንስተው ያድርቁና የውሃውን መግቢያ ይፈልጉ። ብዙ ጊዜ በበሩ መሸፈኛ ጀርባ ያለው ላስቲክ ተቀዷል፣ ወይም የኤርኮንዲሽኑ የውሃ መውረጃ ቱቦ ተዘግቷል።

ድምፅ መቀነስ ከፈለጉ 2 ሚሊ ሜትር የቡቲል ልጣፍ (የላሜራውን መንቀጥቀጥ የሚያበርድ ተለጣፊ ላስቲክ) የበሩ ውጪኛ ላሜራ መሃል ላይ፣ ስፋቱን አንድ አራተኛ ያህል ሸፍነው ይለጥፉ። ሙሉውን መሸፈን ለውጡን እምብዛም አይጨምርም፤ ክብደት ግን ይጨምራል፣ ክብደት ደግሞ ቤንዚን ነው። ላሜራው በአልኮል ካልጸዳ ልጣፉ በፀሐይ ይለቃል። በበሩ ታች ያሉትን የውሃ መውጫ ቀዳዳዎች አይድፈኑ፤ በሩ ከውስጥ ይዝጋል።

የወንበር ልብስ ሲያሰፉ ወንበሩ ጎን ላይ የኤርባግ ምልክት ካለ ታፒሴሪያው ያንን ጎን ክፍት ይተወው ወይም በሚቀደድ ቀጭን ክር ይስፋው። የሹፌሩ ምንጣፍ አንድ ብቻ፣ በመያዣው የታሰረ ይሁን። ሁለት ሲደራረብ ተንሸራቶ የነዳጅ ፔዳሉን ተጭኖ ሊይዝ ይችላል።